በጎልፍ ጨዋታ በአይረን ስንመታ ቲ እንጠቀም ወይስ አንጠቀም? በወሎ ሜዳዎች ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

መልሱን አስቀድሜ ልስጥ። ደንቡ በሚፈቅድበት ቦታ ሁሉ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ጉድጓድ የመጀመሪያ ምት ላይ፣ በአይረን፣ ማለትም ባለ ቁጥሩ የብረት ራስ ዱላ፣ ስትመቱም ቲ (ኳሷ የምትቀመጥበትን ትንሽ ችካል) ተጠቀሙ፤ ግን ዝቅ አድርጋችሁ ትከሉት። ሐይቅ ዳር ባለው መስክም ሆነ በቦርከና ግራና ቀኝ በተዘረጋው ሜዳ ላይ ሰው ሲለማመድ አያለሁ፤ ኳስ በተበላሸች ቁጥር ሰበቡ ቲው ላይ ይወድቃል። ቲ ኳሷን ከመሬት ከፍ ከማድረግ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የቲው ቁመት፣ ወይ ቲውን ያየ ሰው ሳይታወቀው የሚቀይረው አመታት። ከዚህ በታች የምጽፈው ለቀኝ እጅ መቺዎች ነው፤ ግራኝ የሆነ ሰው ግራና ቀኙን ይገልብጥ።

ኳሷ ሽቅብ ትወጣለች፣ ግን አትርቅም

በሰባት ቁጥር አይረን ጥሩ የመታችሁ ይመስላችኋል፤ ኳሷ ግን ሽቅብ ተተኩሳ ከጠበቃችሁት በጣም ቀርባ ዱብ ትላለች። ምክንያቱ የቲው ከፍታ ነው። ኳስ በደንቡ መሠረት ስፋቷ ከ42.67 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ስለዚህ ባዶ መሬት ላይ ተቀምጣ እንኳ መሃሏ ከመሬት በላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የአይረን ፊት ጉልበት የሚሰጠውም በዚያው ከፍታ አካባቢ ነው። ለድራይቨር፣ ለረጅሙ የርቀት ዱላ፣ እንደለመዳችሁት ቲውን ሦስትና አራት ሴንቲ ሜትር ካስቀራችሁት ዱላው ከኳሷ ሥር ይሾልክና የፊቱ የላይኛው ጫፍ ብቻ ያገኛታል። እዚያ የተመታች ኳስ ከፍ ትላለች እንጂ ፍጥነት የላትም።

በግምት አትሂዱ። ባለ ቀለም ጠመኔ ፈጭታችሁ የኳሷን ጀርባ ቀቡና ምቱ፤ ከዚያ ዱላውን ገልብጣችሁ ፊቱን እዩ። ቀለሙ በታችኛው ግማሽ መሃል ላይ ክብ ሆኖ ካረፈ ቁመቱ ልክ ነው። ወደ ላይኛው ጠርዝ ከተጠጋ ቲውን ዝቅ አድርጉ። ከስድስት ቁጥር ጀምሮ እስከ አጫጭሮቹ ዱላዎች ድረስ የቲው ራስ ከሣሩ ጋር ሊተካከል ምንም ያህል አይቀረው፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ለረጃጅሞቹ፣ ለሦስት፣ ለአራትና ለአምስት ቁጥር፣ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ይቻላል። ለዚህ አዲስ ቲ መግዛት አያስፈልግም። በድራይቨር የተሰበረውን የእንጨት ቲ ቁራጭ ሰብስባችሁ ያዙ፤ ለአይረን የሚበጀው እሱ ነው። አይረን ቁልቁል እየወረደ ስለሚመታ ቲውን መስበሩ ያለ ነገር ነውና በዚያ አትጨነቁ።

ኳሷ መሬት ለመሬት ትሮጣለች፣ እጅም ይነዝራል

ይህ የሚመጣው ኳሷን ራሳችን ለማንሳት ስንሞክር ነው። ኳሷ ከፍ ብላ ስትታይ ሰውየው ክብደቱን ቀኝ እግሩ ላይ ያስቀርና ዱላውን ከታች ወደ ላይ ይጠርገዋል። ዱላው ወደ መሬት የሚጠጋበት ቦታ ከኳሷ በስተኋላ ይሆናል፤ ኳሷ ዘንድ ሲደርስ ቀድሞ መነሳት ጀምሯል፤ የታችኛው ጠርዙም የኳሷን ወገብ ይመታል። እኛ አገር በገና ጨዋታ ያደገ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ፈተና አለበት። የገና ዱላ ጫፉ የቆለመመ ስለሆነ መሬቱን ታኮ ቢጠርግ ኳሷን ያገኛታል። አይረን ግን ማንሳቱን የሚሠራው ፊቱ ወደ ኋላ በማጋደሉ ነው። መቺው ቁልቁል ይመታል፤ ማንሳቱ የዱላው ፋንታ ነው።

መጀመሪያ የምትቆሙበትን ቦታ አስተካክሉ። ቲ ስለተተከለ ብቻ ኳሷን እንደ ድራይቨር ከግራ ተረከዝ ፊት ለፊት አታድርጓት። ለአጫጭር ዱላዎች በሁለቱ እግሮች መካከል፣ ለረጃጅሞቹ ትንሽ ወደ ግራ እግር ትቅረብ። ያለ ቲ ብትመቱ የምታስቀምጡበት ቦታ የትም ይሁን፣ ከቲ ጋርም እዚያው ነው። ቀጥሎ ሁለተኛ ቲ ከኳሷ ፊት፣ በዒላማው አቅጣጫ አንድ ጋት ያህል ርቆ፣ እስከ አንገቱ ተክላችሁ ዱላው ኳሷን ከመታ በኋላ ወደዚያኛው ዝቅ ብሎ እንዲያልፍ አስቡ። አብሽሩ፤ መጀመሪያ ላይ ሁለቱንም የሚስት ብዙ ነው።

በቲ ሲመቱ መልካም፣ ከሣር ላይ ሲመቱ ከንቱ

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያስፈልገው ይህኛው ነው፤ ቲው ራሱ በሽታውን ይደብቃልና። አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለች ኳስ ትንሽ ወደ ኋላ የወረደን ዱላ ይቅር ትላለች፤ ዱላው ሣሩን ዳበስ አድርጎ አሁንም ኳሷን ሙሉ ለሙሉ ያገኛታል። ተለማማጁም ሃምሳ ኳስ በቲ መትቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። በጨዋታ ላይ ግን ሁለተኛው ምት ከመሬት ነው፤ ያን ጊዜ ቲ መጠቀም ደንቡ አይፈቅድም። በበጋ ከብት ግጦ በጨረሰው ደረቅ ሜዳችን ላይ ደግሞ ቅጣቱ ፈጣን ነው። ዱላው ከኳሷ በፊት መሬቱን ሲነካ ይነጥርና ጠርዙ ኳሷ መሃል ላይ ይሰነቀራል። ኳሷ ስለት እንደ ነካት እየጮኸች ትበራለች።

ለምርመራው አመድ ይበቃል። በመስኩ ላይ ቀጭን የአመድ መስመር አስምሩ፤ ኳስ ሳታስቀምጡ መስመሩን በሁለቱ እግሮቻችሁ መካከል አድርጋችሁ ምቱ። ዱላው የላጠው አፈር ከመስመሩ ላይ ወይም ከእሱ ፊት፣ ማለትም በዒላማው በኩል ከጀመረ ጤነኛ ናችሁ። ከመስመሩ በስተኋላ ከጀመረ ቲው ሲሸፍንላችሁ የቆየው ይህንን ነው። ክብደታችሁ ምቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ግራ እግር እንዲሻገር፣ እጃችሁም ከዱላው ራስ ቀድሞ ኳሷ ዘንድ እንዲደርስ አድርጉ። ከዚያ ቲውን በየጥቂት ምቱ ትንሽ ትንሽ እያሰመጣችሁ በመጨረሻ አውጥታችሁ ጣሉት። በልምምድ ላይ ቢያንስ ግማሹ ምት ያለ ቲ መሆን አለበት የሚለው የእኔ አቋም ነው፤ ከዚህ አልወርድም።

የላጣችሁትን ጓል መልሳችሁ ርገጡት። መስኩ የገበሬው ግጦሽ ነው። የፕላስቲክ ቲ ስብርባሪም ከብት እንዳይበላው ለቅማችሁ ውሰዱ። ከፊት ለፊት እረኛ ካለ ደግሞ እስኪያልፍ ጠብቁ፤ በአይረን የተመታች ኳስ ከመቶ ሜትር በላይ ሄዳም ሰው ትጎዳለች።

ቲው መሬት አይገባም

በበጋ የወሎ መረሬ አፈር ደርቆ ሲሰነጣጠቅ የእንጨት ቲ አንገቱ ይቆረጣል። ወፍራም ምስማር በድንጋይ መትታችሁ ቀዳዳውን አስቀድሙና ቲውን በዚያ ትከሉ። ካልሆነ አሸዋ ተጠቀሙ። ከወንዝ ዳር እፍኝ አሸዋ አምጡ፣ ውሃ ነክራችሁ በሦስት ጣት ትንሽ ጉብታ አድርጉት፤ ኳሷን ጫፉ ላይ አሳርፏት። ይህ ከደንብ ውጪ አይደለም፤ በመነሻው ቦታ ላይ ኳስን በአሸዋ ክምር ላይ ማስቀመጥ ዛሬም ይፈቀዳል። የቦስተኑ የጥርስ ሐኪም ጆርጅ ግራንት በ1899 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የእንጨት ቲ የፈጠራ መብት ከማውጣቱ በፊት አብዛኛው ተጫዋች ሲጫወት የኖረው እንዲሁ ነበር። በክረምት ችግሩ ይገለበጣል፤ ቲው ይሰምጣል፣ ጭቃው በዱላው ፊት ላይ የተቦረቦሩትን መስመሮች ይደፍናል። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ መስመሮቹን በእንጨት ቁራጭ ጥረጉ።

ኳሷ ከቲው ላይ ትወድቃለች

ሳትመቱ ነፋስ ከጣላት ወይም ዱላው ነክቶ ካወረዳት መልሳችሁ አስቀምጧት፤ ቅጣት የለውም። ለመምታት ብላችሁ ሰንዝራችሁ ከሳታችሁ ግን ያ አንድ ምት ተቆጥሯል። ኳሷ አሁንም በመነሻው ቦታ ውስጥ ካለች መልሳችሁ ቲ ላይ ማድረግ ትችላላችሁ።

«አዋቂ ቲ አይጠቀምም» ይሉኛል

ይህ ችግር የሚድነው በማስረጃ ነው። አሜሪካዊው የጎልፍ ተጫዋች ጃክ ኒክላውስ በአጫጭር ጉድጓዶች ላይ አይረን ሲመታም ቲ የሚጠቀም ሰው ነበር፤ 18 ታላላቅ ውድድሮችን አሸንፏል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሣር ላይ በተቀመጠች ኳስና በዱላው ፊት መካከል ሣር ይገባል፤ ጤዛ ካለ ደግሞ ውሃ። መስመሮቹ ኳሷን አጥብቀው ሳይዟት ይቀሩና ወደ ኋላ መሽከርከሯ ይቀንሳል፤ ስታርፍ ትንከባለላለች፤ የት እንደምትቆም መገመት አይቻልም። ቲ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ደንቡ በነጻ የሰጠውን ጥቅም በይሉኝታ መተው አይገባም።

ርቀቱ አንድ ቀን ይበዛል፣ አንድ ቀን ያንሳል

ኮምቦልቻ ያለ ቲ፣ ደሴ በቲ የመታ ሰው «ቲው ርቀት ጨመረልኝ» ቢል አትቀበሉት። ሀረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ ከኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ብላችኋል። አየሩ ስለሚሳሳ ኳሷን የሚይዛት ነገር ይቀንሳል፤ ትርቃለች። የቲን ጥቅም መለካት ከፈለጋችሁ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዱላ አሥር በቲ፣ አሥር ያለ ቲ ምቱና እያንዳንዷ ያረፈችበትን በእርምጃ ቁጠሩ። ከሩቋ ኳስ ይልቅ አሥሩ ምን ያህል ተቀራርበው እንዳረፉ እዩ። የደሴውንና የኮምቦልቻውን ርቀት ደግሞ ለየብቻ ጻፉት።