የአፈር ናሙና ነጥቦችን በፎገራ ማሳዎች መልሶ ማግኘት

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኘው የፎገራ ሜዳ፣ በሰኔ የአፈር ናሙና የወሰድኩባቸውን ነጥቦች ሩዙ ከታጨደ በኋላ በታኅሣሥ ስፈልጋቸው፣ ጂፒኤሱ በተከታታይ ወደ ሌላ ሰው የጓያ ማሳ ይመራኝ ነበር። የማሳው ባለቤት ከጀርባዬ ቆመው «ልጄ፣ ያን ጊዜ የቆፈርከው እኮ ከቦዩ ወዲያ ነው» አሉኝ፤ ልክ ነበሩ።

ስህተቱ ወዲያና ወዲህ የተበታተነ ቢሆን ኖሮ ሳተላይቱን እወቅስ ነበር፤ ይሁንና ሁሉም ነጥቦች ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በእኩል ርቀት፣ ከ200 ሜትር በላይ ተንሸራተው ስላገኘኋቸው የመሣሪያውን ቅንብር ፈተሽኩ። ነጥቦቹን የመዘገብኩት ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ዳተም (የቦታ ቁጥሮች የሚለኩበት መነሻ)፣ ማለትም በደብልዩጂኤስ 84 ሲሆን፣ በኋላ ቁጥሮቹን በእጄ ያስገባሁበት መሣሪያ ግን የቆዩት የአገራችን የመልክዓ ምድር ካርታዎች በተሠሩበት በአዲንዳን ዳተም ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱም የካርታውን ቀጠና በአንድ ስም «ዞን 37 ሰሜን» ስለሚሉት ልዩነቱ በቀላሉ አይታይም። ቅንብሩን ስቀይር ነጥቦቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

የቀረው የጂፒኤሱ የራሱ ስህተት፣ ማለትም ከ3 እስከ 5 ሜትር ያህል ነው፤ ይህም በጠባብ ማሳ ላይ ማዳበሪያ ከተጨመረበት ወደ ካልተጨመረበት ሊያሻግር ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ነጥብ ከሁለት የማይነቃነቁ ምልክቶች፣ ለምሳሌ ከዋንዛ ግንድና ከድልድይ ጠርዝ፣ ያለውን ርቀት በሜትር ለክቼ ከነአቅጣጫው ጻፍኩ። የማሳ ድንበርን ግን ምልክት አላደርገውም፤ የርብና የጉማራ ወንዞች ጎርፍ ሲያፈርሰው ገበሬው እንደገና የሚሠራው ሁልጊዜ በዚያው መስመር ላይ አይደለም።