የሂት ፓምፕ ቢልን እንዴት መቀነስ ይቻላል? በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ

በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ፣ ቤታችሁን የሚያሞቀውም የሚያቀዘቅዘውም አንድ ሂት ፓምፕ ሊሆን ይችላል። የጥር ቢል ሲመጣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ማሽን መቀየርን ነው። አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚበላው ያልታየ ቁልፍና ያልተደፈነ ቀዳዳ ነው።

1. ከተርሞስታቱ (ከሙቀት መቆጣጠሪያው) ጀምሩ

ሂት ፓምፕ ሙቀቱን ከውጭ አየር ሰብስቦ ነው የሚያስገባው። ብርዱ መለስተኛ ሲሆን በ1 ኪሎዋት መብራት ወደ 3 ኪሎዋት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። ብርዱ ሲጠና ግን መጠባበቂያው ማሞቂያ ይነሳል። እሱ እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ የሚግል ሽቦ ነው፤ በ1 ኪሎዋት 1 ብቻ ነው የሚሰጠው። በብዙ ቤቶች 10 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ተርሞስታቱ ላይ «ኦክስ» (AUX) የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ሽቦው እየሠራ ነው ማለት ነው።

«ኤም ሂት» (EM HEAT) የሚለውን ቁልፍ ደግሞ አትንኩ። ብርድ ሲበረታ «ጠንከር ያለ ሙቀት» እየመሰላቸው የሚጫኑት አሉ። ያ ቁልፍ ፓምፑን አጥፍቶ በሽቦው ብቻ ያሞቃል። የተሠራው የውጭው ማሽን ሲበላሽ እንዲያገለግል ነው።

በብርድ ወራት ተርሞስታቱን 68 ፋራናይት (20 ዲግሪ ሴልሺየስ) ላይ አድርጉት። «ማታ 7፣ 8 ዲግሪ ዝቅ አድርጉ» የሚለው የታወቀ ምክር ለጋዝ ማሞቂያ ጥሩ ነው። ለተራ ሂት ፓምፕ ግን ያስቸግራል፤ ጠዋት በአንዴ ከፍ ስታደርጉት ሽቦው ይነሳና የሌሊቱን ቁጠባ ይበላዋል። 2 ዲግሪ ዝቅ ካደረጋችሁ ይበቃል፤ ስትመልሱትም ቀስ በቀስ ይሁን።

2. ቀዳዳውን በሰንደል ፈልጉ

ንፋስ ያለበት ቀን ምረጡ። ሰንደል ለኩሱና ከመጋረጃው አርቃችሁ በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ከተጎነበሰ ወይም ከተበተነ አየር እየገባ ነው። የበሩን ሥር፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቶችን፣ ወደ ኮርኒስ የሚያስወጣውን ክዳን እንዲሁ ፈትሹ። ክዳኑን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ግን ዋናው ማምለጫ እሱ ሊሆን ይችላል።

የማይንቀሳቀሰውን ክፍተት በሲሊኮን፣ የሚከፈተውን በሚለጠፍ ስፖንጅ ድፈኑ። ተከራይ ከሆናችሁ መስኮቱ ላይ የሚወጠረው ፕላስቲክ ግድግዳ ሳያበላሽ ይሠራል።

አንድ ነገር አደራ፦ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥላችሁ ቡና የምታፈሉ ከሆነ ተዉት። የከሰል ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ቤቱ ሲደፈን ደግሞ ይብሳል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚም ይኑራችሁ።

3. አየሩ ይንሸራሸር

ፊልተሩን በየወሩ አይታችሁ ከቆሸሸ ቀይሩት። ሶፋው የአየር መውጫውን ከዘጋው አንሱት። ለቁጠባ ብላችሁ የባዶ ክፍሎችን መውጫ አትዝጉ፤ ቱቦው ውስጥ ግፊት ጨምሮ አየሩ በየስፌቱ ይሾልካል። ከውጭው ማሽን ዙሪያ ቅጠሉንና በረዶውን ጥረጉ፣ 60 ሳንቲሜትር ያህል ክፍት ይሁን።

አንድ ክፍል አልሞቅ ብሎ ትንሽ ማሞቂያ ከገዛችሁ ሒሳቡን እወቁት። 1,500 ዋት የሆነው በቀን 10 ሰዓት ቢበራ፣ ኪሎዋት ሰዓቱን 18 ሳንቲም ብንለው፣ በወር 81 ዶላር ነው።

4. በሙቀት ወራት

ተርሞስታቱን 78 ፋራናይት (ወደ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ) ላይ አድርጉት። የኮርኒስ ፋን ካለ እስከ 4 ዲግሪ ከፍ ብታደርጉትም ብዙ አይታወቃችሁም። ፋን ሰውን እንጂ ክፍሉን ስለማያቀዘቅዝ፣ ስትወጡ አጥፉት። ከሰዓት በኋላ የምዕራቡን መጋረጃ ዝጉ።

5. መግዛት ከመጣ

የቤት ባለቤት ከሆናችሁ መጀመሪያ ለመብራት ድርጅታችሁ ደውሉና የቤት ፍተሻና የዋጋ ተመላሽ እንዳለ ጠይቁ። ሜሪላንድ እ.አ.አ. በ2008 «ኤምፓወር» የተባለ ሕግ ያወጣችው ለእንዲህ ያለ ቁጠባ ነው። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ደግሞ ላይሂፕ (LIHEAP) የሚባለው የፌዴራል እርዳታ ቢል ይደግፋል፤ ተከራይም ማመልከት ይችላል። ሂት ፓምፕ ለገዛ እስከ 2,000 ዶላር ይሰጥ የነበረው የፌዴራል የግብር ቅናሽ ግን በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። ሻጭ አሁንም አለ ካላችሁ አትመኑት።

ማሽን ስትመርጡ ሲር ቱ (SEER2) የሚለውን ቁጥር ለማቀዝቀዝ፣ ኤችኤስፒኤፍ ቱ (HSPF2) የሚለውን ለማሞቅ ተመልከቱ። ሁለቱም ከፍ ሲሉ ወጪው ይቀንሳል። ትልቅ ማሽን ይሻላል አትበሉ፤ መጠኑ ካለፈ ቶሎ ቶሎ እየጠፋና እየበራ ያልቃል፣ በሙቀት ወራትም የአየሩን እርጥበት አያወጣም። ባለሙያው ለቤቱ የሚስማማውን የማሽን መጠን የሚያሳየውን፣ «ማንዋል ጄይ» (Manual J) የሚባለውን ስሌት እንዲሠራላችሁ ጠይቁ። ቤቱን ሳይለካ፣ መስኮት ሳይቆጥር፣ የድሮውን ማሽን ብቻ አይቶ ዋጋ ከጠራ ሌላ ሰው ጥሩ።