ፍሬቻው አልጠፋ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

ሳይጠፋ የቀረ ፍሬቻ ጭራሽ ካልበራ ፍሬቻ ይብሳል። ፍሬቻ ያላሳየ መኪና ሲመጣ ሰው ይጠነቀቃል፤ የሚያሳየውን ግን ያምነዋል። ከውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚወጣው ሚኒባስ «ይሄ ሊታጠፍ ነው» ብሎ ፊትዎ ይገባል፤ እግረኛውም ልጁን ይዞ ይሻገራል። ስለዚህ ፍሬቻው አልጠፋ ሲል በቸልታ አይታለፍ። ደግሞም ወዲያው ስዊች ለመግዛት አይሩጡ፤ ጥፋቱ የዕቃው ይሁን የአነዳዱ ቆመው በአምስት ደቂቃ መለየት ይቻላል።

መጀመሪያ አሠራሩን ይወቁ

ከመሪው ሥር፣ ከመሪው ጋር አብሮ የሚዞር ባለ ጥርስ ቀለበት አለ። ፍሬቻ ሲያበሩ ከእጀታው ስዊች ውስጥ በሞላ የምትገፋ ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ወደ ቀለበቱ ትጠጋለች። መሪውን ወደሚታጠፉበት ሲያዞሩ ጥርሱ ምላሷን አጥፎ ያልፋል። መሪው ሲመለስ ያው ጥርስ ምላሷን በሌላ በኩል ይገፋትና እጀታው ቀጭ ብሎ መሀል ይገባል። ጥርሱ ምላሷን ሳያልፍ መሪው ከተመለሰ ግን የሚገፋት የለም፤ ፍሬቻውም እንደበራ ይቀራል። ቡይክ እ.ኤ.አ. በ1940 በራሱ የሚጠፋ ፍሬቻ ካመጣ ወዲህ መኪናው ቢዘምንም ሐሳቡ ብዙ አልተለወጠም።

አሁን መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው ሞተሩን ያስነሱ። ጎማዎቹን ቀጥ አድርገው ግራ ፍሬቻ ያብሩ፤ መሪውን ግማሽ ዙር ወደ ግራ አዙረው ይመልሱ። ሦስት ጊዜ ይድገሙት፤ ከዚያ በቀኝ። ቀጥሎ ሩብ ዙር ብቻ እያዞሩ ይሞክሩ። የሚያገኙት ውጤት ከሚከተሉት ሦስት ርዕሶች ወደ አንዱ ይመራዎታል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሌሎች የፍሬቻ ችግሮች ናቸው።

በግማሽ ዙር ሁልጊዜ ይጠፋል፣ መንገድ ላይ ግን አንዳንዴ አይጠፋም

ዕቃው ደህና ነው፤ በሩብ ዙር አለመጥፋቱ ብልሽት አይደለም። መስመር ሲቀይሩ ወይም ከቆሙበት ዳር ተነስተው ወደ መንገዱ ሲገቡ መሪው የሚዞረው ጥቂት ስለሆነ ጥርሱ ምላሷ ጋ አይደርስም።

በጣም የሚያስቸግረው አደባባይ ነው። ወደ ግራ ለመሄድ ግራ ፍሬቻ አብርተው ሲዞሩ መሪው ወደ ግራ እንደተያዘ ይቆያል፤ ለመውጣት ወደ ቀኝ ሲመልሱት የግራው በራሱ ይጠፋል። መውጫውን ለማሳየት ያበሩት የቀኝ ፍሬቻ ግን መሪው ከመሀል ወደ ቀኝ የሚያልፈው በትንሹ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳይጠፋ ይቀራል። ከአደባባይ ወጥቶ ግማሽ ኪሎ ሜትር ቀኝ እያሳየ የሚሄድ መኪና የምናየው በዚህ ነው። ከአደባባይ እንደወጡ፣ መሪው ቀጥ ሲል፣ በግራ እጅዎ ጣት እጀታውን ነክተው መሀል መሆኑን ያረጋግጡ። ዳሽቦርዱን ለማየት ዓይንዎን ከመንገዱ ማንሳት አያስፈልግም።

መስመር ለመቀየር ደግሞ እጀታውን ቀጭ እስኪል አይግፉት። ግማሽ መንገድ ገፍተው በጣት ይያዙት፤ ሲለቁት በራሱ ይመለሳል። ብዙ አዳዲስ መኪኖች አንዴ ነካ ሲደረጉ ሦስት ጊዜ ብልጭ ብለው ያቆማሉ። ይህን ያልለመደ ሰው መስመር በቀየረ ቁጥር መልሶ ለማጥፋት ይገደዳል፤ የለመደው የሚረሳው ነገር አይኖረውም።

አንዱ ጎን ይጠፋል፣ ሌላው አይጠፋም

ሁለት መንስኤ አለ፤ መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀውን ይመርምሩ። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ሲነዱ መሪው ራሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይስ ጠመም ይላል? ጠመም ካለ ቀለበቱም አብሮ ጠሟል፤ በአንዱ በኩል ገና ሳይታጠፉ ይጠፋል፣ በሌላው ዘግይቶ ይጠፋል ወይም አይጠፋም። መድኃኒቱ አላይመንት ነው፤ መሪው መሀል ላይ ታስሮ የግራና የቀኝ ታይሮድ (ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያያይዘው ዘንግ) ይስተካከላል። መሪውን ነቅሎ በዘንጉ ጥርስ ላይ አዙሮ መግጠም መሪውን ቀጥ ያስመስለዋል እንጂ ጎማው ከመሀል የወጣበትን ምክንያት አይነካም፤ አይፍቀዱ።

መሪው ቀጥ ካለ የዚያ ጎን ምላስ ተሰብራለች ወይም ሞላዋ ወጥታለች። ብዙ ጊዜ የምትሰበረው መሪው እየዞረ ሳለ እጀታውን በእጅ አጥብቆ በመያዝ ነው። ምላሷ ብዙ ጊዜ ለብቻዋ አትሸጥም፤ በሙጫ የተጣበቀችም አትቆይም። የፍሬቻውን ስዊች ብቻ መቀየር የሚቻልባቸው መኪኖች ብዙ ስለሆኑ የዝናብ መጥረጊያውንም ጨምሮ ሙሉውን ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ።

ሁለቱም ጎን አይጠፋም

ችግሩ የጀመረው መሪው ከተፈታ በኋላ ከሆነ ቀለበቱ ከመሪው ጋር አልተያያዘም ማለት ነው። ኤርባግ ባላቸው መኪኖች ቀለበቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ለኤርባጉ ኤሌክትሪክ በሚያደርሰው ጥቅል ሽቦ፣ ስፓይራል ኬብል በሚባለው ላይ ነው። ተመሳሳይ የሚመስል የሌላ ሞዴል ኬብል ከተገጠመ ጥርሱ ምላሷ ጋ አይደርስም። በውጭ የተገዛ የጌጥ መሪም ቀለበቱን የሚያዞሩት ፒኖች ከሌሉት ውጤቱ ያው ነው።

ይህን የሚሠራ ሰው የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይጠብቅ ኤርባጉን አይንካ፤ ሊፈነዳ ይችላል። መሪው ከመነቀሉ በፊት ጎማዎቹ ቀጥ ይበሉ፣ መሪውና ዘንጉ ላይ ምልክት ይደረግ። ስፓይራል ኬብሉም መሀሉን ይዞ ይገጠም፤ በብዙ ቶዮታዎች ላይ እስኪከብድ ድረስ በእጅ ወደ ግራ ዞሮ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ሁለት ዙር ተኩል ያህል ተመልሶ ምልክቶቹ ይገጥማሉ። ትክክለኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ኬብሉ ላይ ተጽፏል። መሀሉን ሳይዝ የገባ ኬብል መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ይበጠሳል፤ ክላክስም ኤርባግም አብረው ይሞታሉ።

ይፈጥናል

ጤነኛ ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ይበራል። አንዱ ጎን ብቻ ከፈጠነ በዚያ ጎን አንድ አምፖል ተቃጥሏል፤ ወርደው ዙሪያውን ይዩ። ብዙ ጊዜ የፊትና የኋላው 21 ዋት፣ የጎኑ 5 ዋት ናቸው። ብርቱካናማው አምፖልና ነጩ 21 ዋት የጎን ፒናቸው አቀማመጥ ይለያያል፤ አልገባ ያለውን በግድ አያስገቡ፣ ሶኬቱ ይሰነጠቃል። እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ባሉ 24 ቮልት መኪኖች ላይ የ12 ቮልት አምፖል ወዲያው ይቃጠላል።

ኤልኢዲ አምፖል ካስገቡ በኋላ ከፈጠነ ምንም አልተቃጠለም፤ ኤልኢዲው የሚወስደው ጥቂት ዋት ስለሆነ ፍላሸሩ (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ዕቃ) አምፖል የጠፋ ይመስለዋል። አንዱ መፍትሄ በየአምፖሉ ጎን 6 ኦም፣ 50 ዋት ሬዚስተር ማሰር ነው፤ እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ስለሚያወጣ ብረት ላይ ይታሰር እንጂ ፕላስቲክ አይንካ። ፍላሸሩ የሚነቀል ከሆነ ግን ለኤልኢዲ የተሠራ ፍላሸር መቀየር ይሻላል። ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ የእግሮቹ ቁጥርና አቀማመጥ መመሳሰል አለበት።

አይበራም፣ ወይም ሌላ መብራት ይዞ ይበራል

ባለ ሦስት ማዕዘኑን ቁልፍ ተጭነው አራቱንም ያብሩ። አራቱ በርተው ግራና ቀኝ ብቻ ከሞቱ ፊውዙን፣ ቀጥሎ የእጀታውን ስዊች ይመርምሩ። ሁሉም ከሞተ ፊውዝና ፍላሸር። አንዱ ጎን በሁለቱም መንገድ ካልበራ የዚያ ጎን ሽቦ፣ አምፖል ወይም ማሳ (ከቦዲው ብረት ጋር የሚታሰረው የኔጋቲቭ መመለሻ) ነው።

ፍሬን ሲረግጡ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ ከበራ ወይም ፍሬቻ ሲያበሩ የኋላ መብራቱ አብሮ ከተርገበገበ ማሳው ነው፤ ከክረምት በኋላ ውሃ የገባበት የኋላ መብራት ላይ ይበዛል። ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገው፣ መብራቱ በርቶ ሳለ አንዱን ጫፍ አምፖሉ ማሳ በሚያገኝበት የሶኬቱ ብረት፣ ሌላውን ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ያድርጉ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው የሚታሰርበትን ቦዲ ብረቱ እስኪነጣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው አጥብቀው ይሰሩት።

ይሠራል፣ ግን ድምፅ የለውም

ይህ እንደ ብልሽት ስለማይቆጠር ጋራዥ አይወሰድም፤ ፍሬቻን ከሚያስረሱት ነገሮች ግን አንዱ ነው። በቆዩ መኪኖች ቀጭ ቀጭ የሚለው ፍላሸሩ ራሱ ነው። ለኤልኢዲ የተሠሩ አንዳንድ ፍላሸሮች ውስጣቸው የሚንቀሳቀስ ብረት የለም፤ ድምፁ አብሮ ይጠፋል። የዳሽቦርዱም ቀስት አምፖሉ ከተቃጠለ ወይም ፀሐይ ከመታው አሽከርካሪው የሚያስታውሰው ምንም ነገር የለም።

ሲገዙ ባትሪ ላይ አስሞክረው ድምፅ ያለውን ይምረጡ። ካልተገኘ 12 ቮልት ትንሽ ጩኸት ማሰሚያ፣ በተለምዶ ባዘር የሚሉትን፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያሳልፉ ሁለት ዋን ኤን 4007 ዳዮዶች ጋር ይግዙ። አንዱ ዳዮድ ከግራው፣ ሌላው ከቀኙ ፍሬቻ ሽቦ ይነሳ፤ ነጭ መስመር ያለበት ጫፋቸው አንድ ላይ ተያይዞ ወደ ባዘሩ ፖዘቲቭ ይግባ፣ የባዘሩ ኔጋቲቭ ማሳ ላይ ይታሰር። ዳዮዶቹ ከሌሉ ግራና ቀኙ ይያያዙና አንዱን ሲያበሩ አራቱም ይበራሉ።

ያው አሠራር ለሞተር ሳይክልና ለባጃጅ ይበልጥ ያስፈልጋል። የባጃጅና የአብዛኛው ሞተር ሳይክል ፍሬቻ በራሱ የሚጠፋበት ጥርስ የለውም፤ ሁልጊዜ በአውራ ጣት መሀሉን ተጭነው ወይም ቁልፉን መልሰው ማጥፋት አለብዎት። በሞተሩና በመንገዱ ጩኸት መሀል የፍላሸር ድምፅ አይሰማምና ከጆሮ ብዙ ሳይርቅ፣ መሪው አካባቢ የታሰረ ባዘር ይሻላል። ለሞተር ሳይክል ውሃ የማያስገባውን ይምረጡ።