ሻንጣ ውስጥ የከረመ ጨርቅ እንዴት ብርድ ልብስ ይሆናል?

አክስቴ ጨርቅ ስትወድ ለጉድ ነበር። ዓይኗ ያረፈበትን ትገዛለች፣ አጣጥፋ ታስቀምጣለች፣ «አንድ ቀን አሰፋዋለሁ» ትላለች። ሻንጣዋ ለእኔ ሲደርሰኝ ጥጡ፣ ሐሩ፣ ሱፉና ፖሊስተሩ ተደባልቆ፣ ከተሰፋ ልብስ የተረፈው ቁርጥራጭ ጥግ ጥጉን ሞልቶት ነበር። እንዲህ ያለ ክምር ብዙ ቤት ይኖራል ብዬ አስባለሁ። ለመጣል ያሳሳል፣ ልብስ እንዲሰፋበት ደግሞ አይበቃም። ቁርጥራጩን አገጣጥሞ ብርድ ልብስ ማድረግ ግን ይቻላል። የሚታጠብ፣ ሰው የሚተኛበት፣ ልጅ የሚጎትተው ብርድ ልብስ ማለቴ ነው።

አብዛኛው ሰው በመቀስ ይጀምራል። እኔ የምለምናችሁ በጣታችሁ እንድትጀምሩ ነው። አዲስ ጨርቅ ሲሆን ቀለሙን መምረጥ ይበቃል። የቆየ ጨርቅ ግን መጀመሪያ ጥንካሬው መታወቅ አለበት። ከሃያ ጠንካራ ቁራጮች መሃል አንድ የደከመ ቢገባ መጀመሪያ የሚቀደደው እሱ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዙሪያውን ሳይፈቱ አውጥቶ መተካት አይቻልም።

ጨርቁን መፈተን

ጨርቁን ወደ መስኮት አንሱትና ብርሃን አሳልፉበት። የሳሳው ቦታ፣ ብል የበላው ቀዳዳ፣ የተሸረፈው ክር ወዲያው ይታያል። ከዚያ ሁለቱን አውራ ጣቶቻችሁን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጨርቁን ወጠር አድርጉት። መጀመሪያ በድሩ፣ ቀጥሎ በማጉ። ድርና ማጉ እኩል አያረጁም፤ በአንዱ በኩል ብርቱ የሆነ ጨርቅ በሌላው በኩል እንደ ወረቀት ሊቀደድ ይችላል። ስትወጥሩት ጠሽ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ክሮቹ ከተራራቁ ያ ጨርቅ ለብርድ ልብስ አይሆንም።

እጥፋቱን ለብቻው ፈትኑ። ለዓመታት በአንድ መስመር ታጥፎ የቆየ ጨርቅ ሌላው ቦታ ደህና ሆኖ እጥፋቱ ላይ ብቻ ያልቃል። ከእንጨት ወይም ከካርቶን ጋር ተነካክቶ የኖረም እንደዚሁ ነው። ከእንጨቱና ከካርቶኑ የሚወጣው አሲድ ጨርቁን ያቢጫል፣ ያደክመዋልም። እኔ እጥፋቱ ላይ በቾክ አሰምርበትና ስቆርጥ ዘልዬው አልፋለሁ። ጥቂት ጨርቅ ይባክናል፣ ስፌቱ ግን ይቆያል።

ስለ ሐር አንድ ነገር ልበል። በ19ኛው ክፍለ ዘመንና ከዚያም በኋላ ነጋዴዎች ሐር በክብደት ስለሚሸጥ እንዲከብድ ብለው የቆርቆሮ ጨውና ሌላ የብረት ጨው ያስገቡበት ነበር። እንዲህ ያለ ሐር ማንም ሳይነካው ራሱ ይሰነጠቃል። የአያት የቅድመ አያት የሐር ቀሚስ ካላችሁና መስመር መስመር እየሠራ የሚቀደድ ከሆነ አትቁረጡት፣ አታጥቡትም። በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አኑሩት።

ደክሞም በጣም የምትወዱት ጨርቅ ይኖራል። እሱን ከኋላው በካውያ የሚለጠፍ ስስ ማጠናከሪያ ጨርቅ አልብሱትና የምትሠሩት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ አስገቡት። ለብርድ ልብስ ከሆነ ላዩን በስስ ቱል (መረብ በሚመስለው ጨርቅ) ሸፍናችሁ እጅና እግር ከሚጎትተው ከላይና ከታች ጠርዝ አርቁት።

ምንነቱን ያላወቃችሁት ጨርቅ ካለ ጥቂት ክር መዛችሁ በጉጠት ያዙና በእሳት ፈትኑ። ውሃ ያለበት ሳህን ወይም የእጅ መታጠቢያ ላይ ይሁን፣ ልጆችም አይጠጉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ስስ አመድ ይተዋል። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ። ፖሊስተር ይቀልጥና ሲበርድ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለካውያው ነው። ለጥጥ በሚሆን ሙቀት ፖሊስተሩን ብትተኩሱት ይኮማተራል።

እጥበት

ሳታጥቡ አትተኩሱ። የካውያ ሙቀት እድፉን ጨርቁ ላይ ያጸናዋል። ሁሉም ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፤ መኮማተር ካለበት ከመሰፋቱ በፊት ይኮማተር። ትንንሹን ቁራጭ በትራስ ልብስ ውስጥ ከታችሁ አፉን እሰሩት፤ እንዲያ ካልሆነ ክሩ እየተዘረዘረ እርስ በርሱ ይተበተባል። የእያንዳንዱን ቁራጭ ጥግ በሰያፍ ትንሽ ሸረፍ ማድረግም መዘርዘሩን ይቀንሰዋል።

ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ቀለም ይለቅቅ እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ። ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ጥግ ላይ አሹት። ነጩ ቀለም ከያዘ ባለቀለሙን ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። መልቀቁን ካላቆመ ከነጭ ጎን አይሰፋም፣ በቃ። ለቢጫ እድፍ በረኪና አታምጡ። በረኪና የጥጥን ክር ያደክማል፣ ሱፍና ሐርን ደግሞ ጨርሶ ያበላሻል። በክሎሪን ፋንታ ኦክስጅን ያለበት ማንጫ ዱቄት ለጥጥ ይሻላል፤ ለብ ባለ ውሃ በጥብጣችሁ ለሰዓታት ዘፍዝፉት። የሻጋታ ሽታ ያለውን ከማጠባችሁ በፊት ደጅ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አራግፉት። ብል የገባበትን ሱፍ በፕላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልሉና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት አቆዩት፤ ብሉም እንቁላሉም ይሞታል።

ሲደርቅ ተኩሱ። ለስልስ ያለውን አሮጌ ጥጥ ስታርች ረጭታችሁ ብትተኩሱት ሲቆረጥ አይንሸራተትም።

መለየትና መቁረጥ

የሰው ዓይን ቀድሞ የሚያየው ቀለምን ይመስለናል። ከርቀት ሲታይ ግን ብርድ ልብሱን ቅርጽ የሚሰጠው የጥቁረትና የንጣት ልዩነት ነው። ጨርቁን በሦስት ክምር ክፈሉ፦ ጠቆር ያለ፣ መካከለኛ፣ ነጣ ያለ። ካመነታችሁ ሁሉንም ወለል ላይ ዘርግታችሁ በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሱ። ቀይና አረንጓዴ ለዓይን የተለያዩ መስለው ፎቶው ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ሥራ የሚንቁ አሉ፤ የተሰበሰበው ጨርቅ ምንም ያህል ቢለያይ ድሪቶ እንዳይመስል የሚያደርገው ግን ይኸው ነው።

ልኩን እንዲህ ያዙ። በዚህ ሥራ የተለመደው የስፌት ትርፍ፣ ማለትም ከስፌቱ መስመር እስከ ጨርቁ ጠርዝ የሚተወው፣ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ለቆየ ጨርቅ ግን እኔ 1 ሴንቲ ሜትር እተዋለሁ፤ የቆየ ጨርቅ ይዘረዘራል፣ ጠበብ ያለው ትርፍ ደግሞ ጥቂት ከታጠበ በኋላ ያልቃል። 22 በ22 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ካሬ ሲሰፋ 20 በ20 ይሆናል። 8 ወደ ጎን፣ 10 ወደ ታች ብትደረድሩ በ80 ካሬ 160 በ200 የሆነ ብርድ ልብስ ይወጣችኋል። ከብክነቱ ጋር ከ4 ካሬ ሜትር በላይ ጨርቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ለ22 የማይበቃውን አትጣሉ። 12 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት ቁራጮች ሲገጣጠሙ ልክ 22 በ22 ይሆናሉ። ከዚያም ያነሰው ቀጭን ቁራጭ በሌላ መንገድ ይገባል። 22 በ22 የሆነ ስስ አሮጌ አንሶላ መሠረት አድርጉ፣ በሰያፍ መሃሉ ላይ አንድ ቁራጭ አኑሩ፣ ቀጣዩን ፊት ለፊት ገልብጣችሁ ስፉት፣ ዘርግታችሁ ተኩሱት፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ ጥጉ ሂዱ። መጨረሻ ላይ ትርፉን በካሬው ልክ ከርክሙ። ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ሁሉ እዚህ ቦታ አለው። የደከመ ጨርቅም ከኋላው መሠረት ስላለው ይበረታል። ከሁሉም ዘዴ እኔ የምወደው ይህን ነው።

ስትቆርጡ የካሬው ጎን ከድሩ ጋር ይሂድ። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣል፣ ካሬውም ይጣመማል። ከሸሚዝ የምትቆርጡ ከሆነ ጀርባው ሰፊና ብዙም ያልተለበሰ ይሆናል፤ አንገትጌውንና የክርኑን ቦታ ተዉት። ቁልፉን አትጣሉ። ቲሸርት የሚለጠጥ ስለሆነ ማጠናከሪያ ሳይለጠፍበት አይቆረጥም። ጂንስ ከስስ ጥጥ ጎን አይስማማም፤ ጂንስ ካላችሁ ሌላ፣ ጂንስ በጂንስ የሆነ ሥራ ጀምሩ።

ከሥራ ልብስ ጨርቅ ትልቅ ነገር እንደሚወጣ የምትጠራጠሩ ካላችሁ፣ በአሜሪካ አላባማ ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር ያሉ ጥቁር ሴቶች የሠሩትን ፈልጋችሁ እዩ። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1942 ባሏ ሲሞት የሥራ ልብሶቹን ቆርጣ ብርድ ልብስ አድርጋዋለች። ጉልበቱ የነጣው ሱሪ ከነመልኩ ይታያል። የመንደሯ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2002 በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ለሕዝብ ቀርቧል። እኔ የነጣ ወይም የተጣፈ ቦታ ጠንካራ ሆኖ ሳገኘው ሆን ብዬ መሃል የማስገባው እነሱን ካየሁ ወዲህ ነው።

መስፋት

በመጀመሪያ ካሬዎቹን በሙሉ ወለል ላይ ደርድሩ። ዙሩት፣ ቀያይሩት፣ አንድ ሌሊት ተዉትና ጠዋት እንደገና እዩት። ሁለት ተመሳሳይ ጨርቆች ተጠጋግተው ከሆነ ያኔ ይታያችኋል። ፎቶ አንሱና በየረድፉ ቁጥር የጻፋችሁበት ወረቀት በስፒል ያዙ።

ለተለመደ ጥጥ ቁጥር 80 መርፌ፣ የስፌቱ እርምጃ 2.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ክሩ አዲስ ይሁን። ሻንጣው ውስጥ የተገኘ የድሮ ክር ሲታይ ያምራል፣ ግን ሳብ ስታደርጉት ጥስ ካለ ጨርቁ ሳይቀደድ ስፌቱ ይለቃል። ካሬዎቹን መጀመሪያ ወደ ጎን ስፉና ረድፍ አድርጉ፤ የአንደኛውን ረድፍ ትርፍ ወደ ቀኝ፣ የሁለተኛውን ወደ ግራ እያስተኛችሁ ተኩሱት። ረድፎቹ ሲገጣጠሙ ትርፎቹ ተቃራኒ ሆነው ይቆላለፋሉ፣ ጥጉም ልክ ይመጣል። ካውያውን አትግፉት፣ ጫን እያላችሁ አንሱት፤ ሲገፋ ጨርቁ ይለጠጣል።

ቀጥሎ ሦስቱ ንብርብር ነው፦ ከታች ገበር፣ መሃል ሙሌት፣ ከላይ የሰፋችሁት ገጽ። ገበሩና ሙሌቱ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ይብለጡ፣ ማለትም 180 በ220። ደህና አሮጌ አንሶላ ለገበር ይሆናል። ለሙሌት የሳሳ የጥጥ ብርድ ልብስ እመርጣለሁ፤ እሱም ቀድሞ ይታጠብ። ሙሌት የግድም አይደለም። ቤንጋል ውስጥ ካንታ የሚባለው ሥራ ያረጁ ሳሪዎችን ደራርቦ በእጅ ከመስፋት የመጣ ነው፤ ልስላሴው ከራሱ ከአሮጌው ጨርቅ ነው።

ገበሩን የውስጡን ወደ ላይ አድርጋችሁ ወለል ላይ ወጥራችሁ በማጣበቂያ ፕላስተር ያዙት። ሙሌቱንና ገጹን ደርቡ። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር በመርፌ ቁልፍ ያዙ፤ በመካከላቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ አይራቅ። ከዳር የጀመረ ሰው መሃል ላይ ጉብታ ይጠብቀዋል።

ሦስቱን ማያያዝ በመኪና ወይም በእጅ ይቻላል። ለቆየ ጨርቅ እኔ በእጅ አጠር ባለ ቀጥ ያለ ስፌት መውጣት መግባት እመርጣለሁ፤ መርፌው ጨርቁን አያስጨንቀውም፣ የደከመ ቦታ ካለም እጅ ያውቀዋል። ጊዜ የሌለው በወፍራም ጥጥ ክር በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ሦስቱን ንብርብር ወግቶ በድርብ ቋጠሮ ይቋጥር። ይህም በደንብ ይይዛል። በመኪና ከሆነ ከስፌቱ መስመር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ትይዩ ስፉ።

ትርፉን ከርክማችሁ ጠርዙን ቀምቅሙ። ዙሪያው 720 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጥጉንና መቀጠያውን አስባችሁ 750 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ረጅም የጠርዝ ጨርቅ አዘጋጁ። ስፋቱ 7 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ለሁለት ይታጠፋል፣ ከፊት በ1 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ወደ ኋላ ዞሮ በእጅ ይጠለፋል። ለጠርዙ ያለኝን ጠንካራ ጨርቅ ነው የምሰጠው፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ጠርዝ ነውና።

ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይሁን፣ አይጠመዘዝ። ሦስት ንብርብር ጨርቅ ውሃ ሲጠጣ ከባድ ነው፤ በሁለት ጥጉ ገመድ ላይ ከሰቀላችሁት ክብደቱ ስፌቱን ይጎትታል። ጥላ ያለበት ቦታ አጋድሙት፣ ወይም በሁለት ትይዩ ገመዶች ላይ ዘርጉትና መሃሉን ሳብ አድርጋችሁ አስተካክሉት።