ሐዋሳ፦ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ክፍል እንዴት ይመረጣል?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች ወደ አንዱ ደውለው «አልጋ አለ?» ሲሉ የሚመለስልዎ የስም ዝርዝር ነው፦ ስታንዳርድ፣ ዴሉክስ፣ ትዊን፣ ፋሚሊ፣ ጁኒየር ስዊት፣ ስዊት። ዋጋውም በዚያው ልክ ሽቅብ ይወጣል። ብዙ ሰው መሃል ላይ ያለውን ይይዛል፤ ርካሹ ያሳፍራል፣ ውዱ ኪስ ይጎዳል ብሎ። እነዚህን ስሞች ግን የሚያወጣው ራሱ ሆቴሉ ነው። የአንዱ ዴሉክስ የሌላው ስታንዳርድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከስሙ በፊት ክፍሉ ሕንፃው ውስጥ የት እንዳለ መጠየቅ ይሻላል። ጀነሬተር አጠገብ ካለ ዴሉክስ ጸጥ ያለ ጥግ ላይ ያለ ስታንዳርድ ይበልጣል።

1. መጀመሪያ አልጋውን ይቁጠሩ

«ለሁለት ሰው» ብለው አይያዙ። ሁለት የሥራ ባልደረቦች ለስልጠና መጥተው አንድ ሰፊ አልጋ ፊት ለፊታቸው ሲያገኙ የሚተያዩትን አስተያየት ሪሴፕሽን የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ደብል ማለት አንድ ሰፊ አልጋ፣ ትዊን ማለት ሁለት ነጠላ አልጋ ነው። «ሁለት የተለያየ አልጋ» ብሎ በግልጽ መናገር ክርክር ያስቀራል።

ከልጆች ጋር የሚመጡ ከሆነ ተጨማሪ አልጋ ስንት እንደሚያስከፍልና ልጅ እስከ ስንት ዓመቱ በነጻ እንደሚያድር ይጠይቁ። የሚያመጡት እውነተኛ አልጋ ይሁን ወለል ላይ የሚነጠፍ ፍራሽ፣ እሱንም ይጠይቁ። ልጆቹ ከፍ ካሉ፣ በመሃል በር የሚገናኙ ሁለት ስታንዳርዶች ብዙ ጊዜ ከአንድ ስዊት (ሳሎን ካለው ክፍል) ይሻላሉ፤ መታጠቢያ ቤቱ ሁለት ይሆናል፣ እርስዎም በሩን ዘግተው ይተኛሉ።

ስዊት ላይ የሚከፍሉት በአብዛኛው ለሳሎኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ሐይቅ ዳር ለሚውል ሰው ያ ሳሎን ሻንጣ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል። ሙሽሮች፣ እንግዳ የሚቀበል ሰው፣ ወይም ሕፃኑን በጊዜ አስተኝቶ መብራት አብርቶ መቀመጥ የሚፈልግ ወላጅ ግን ይጠቀምበታል።

እናትዎን ወይም አባትዎን ይዘው ከሆነ ገንዳ ያለውን መታጠቢያ ቤት ይተዉት። የገንዳው ጠርዝ ለሽማግሌ ጉልበት ከባድ ነው፣ ያንሸራትታልም። ወለሉ ላይ የሚቆሙበት ሻወር ይጠይቁላቸው።

2. «ሐይቁን ያያል» የሚለውን ያጣሩ

ትልቁ የዋጋ ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ወስደው ይጠይቁ። ሲደውሉ «ሐይቁን የሚያይ አለ?» ካሉ መልሱ «አለ» ነው። ቀጥለው «አልጋው ላይ ሆኜ ነው የማየው ወይስ በረንዳ ወጥቼ አንገቴን አዙሬ?» ብለው ይጠይቁ። ዳርቻው ትልልቅ ዛፍ የበዛበት ስለሆነ አንደኛ ፎቅ ላይ ሐይቁ በቅጠል መሃል ብልጭ የሚልባቸው ክፍሎች አሉ። ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይገለጣል።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ አለ። ከተማዋ ያለችው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው። ስለዚህ ሐይቁን የሚያየው አብዛኛው ክፍል ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው፤ የምሽቱ የፀሐይ መጥለቅ የእርስዎ ነው፣ የከሰዓቱ ሙቀትም እንዲሁ። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ትወድቃለች። አየር ማቀዝቀዣ ወይም ቢያንስ ደህና ፋን ከሌለ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ማለት የለመደ ሰው ይቸገራል። ከተማውን የሚያየው ክፍል ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል፣ ከሰዓት ይቀዘቅዛል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ስብሰባ ውሎ ማታ ብቻ ለሚገባ ሰው እኔ የምመርጥለት ይሄንን ነው፤ በጨለማ ሐይቅ አይታይምና።

ሐይቅ ዳር ቢምቢም አለ፣ ሐዋሳ ደግሞ ወባ ያለበት አካባቢ ነው። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር አጎበር ወይም የመስኮት ወንፊት መኖሩን አረጋግጡ። በረንዳውን ከፍተው አይውጡ፤ ዛፉ ላይ ያሉት ጦጣዎች ሙዝና ብስኩት የት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ።

3. ፎቁን እና ጎረቤቱን ይጠይቁ

መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይነሳል። ጥያቄው የት ነው የተተከለው የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ከሕንፃው ጀርባ ነው፤ በዚያ በኩል ያሉት የታችኛው ፎቅ ክፍሎች ድምፁንም ጭሱንም ይካፈላሉ። ጀነሬተሩ ሊፍቱንና የውሃ ማሞቂያውን ይሸከም እንደሆነም ይጠይቁ። መብራት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አይውጡ።

ውሃው ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ በራሱ ኃይል የሚወርድ ከሆነ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ሻወሩ ደካማ ይሆናል፤ ለጥሩ እይታ የሚከፈል ዋጋ ነው።

አዳራሹን አይርሱ። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ አለ፤ ሐይቅ ዳር ደግሞ የአትክልት ቦታው ራሱ አዳራሽ ይሆናል። «ቅዳሜ ፕሮግራም አላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፣ ካለ በሌላኛው ክንፍ ይያዙ።

4. ቀኑን ይመልከቱ

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ክብረ በዓል ነው፤ ከተማዋ ከየአቅጣጫው በመጣ ምእመን ትሞላለች። ለንግሥ የሚመጡ ከሆነ ሐይቅ ዳሩን ትተው ደብሩ ያለበትን መሃል ከተማ ይያዙ፤ ሌሊት ተነሥቶ በእግር መድረስ በዚያ ቀን ትልቅ ነገር ነው። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላም አልጋ ይወደዳል። ቀኑን አያንቱዎቹ (የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎች) ከዋክብት አይተው ስለሚወስኑት ከዓመት ዓመት ይለያያል፣ ቀደም ብሎ መጠየቅ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲያስመርቅም እንዲሁ።

አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች የሳምንቱ መጨረሻ እንግዳ ብዙ ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ መምጣት ከቻሉ ቅናሽ ይጠይቁ፣ ወይም በስታንዳርድ ዋጋ የተሻለ ክፍል እንዲሰጡዎ ያነጋግሩ። ሪሴፕሽን ላይ ያለችውን ልጅ «እህቴ» ብሎ በደህና ቃል ማነጋገር ከየትኛውም መተግበሪያ በላይ ይሠራል።

5. ዋጋውን ጨርሰው ይስሙ

«4,000 ብር» ሲባሉ ታክስን ጨምሮ መሆኑን ይጠይቁ። ካልሆነ የ10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና በላዩ ላይ የ15 በመቶ ቫት ሲደመርበት 5,060 ብር ይሆናል። ቁርስ ለአንድ ሰው ነው ለሁለት? የመዋኛ ገንዳውስ ተካቷል? ቀብድ በቴሌብር ከላኩ የክፍሉን ዓይነትና ቀኑን በጽሑፍ ያስልኩ።

በኢንተርኔት የሚይዙ ከሆነ የቀን መቁጠሪያው የፈረንጅ ነው፤ ታኅሣሥ 19 ብዙውን ጊዜ ዲሴምበር 28 ላይ ይውላል። ሰዓቱም እንዲሁ፦ መግቢያ 14:00 የሚለው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ መውጫ 12:00 የሚለው ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት። እስከ ምሽት 12 ሰዓት ያለኝ መስሎኝ ነበር ማለት የግማሽ ቀን ሂሳብ ያስከፍላል።

6. ሳይፈርሙ ክፍሉን ይዩ

ሻንጣዎን እታች ትተው ቁልፍ ካመጣው ልጅ ጋር ይውጡ። ሙቅ ውሃውን ከፍተው እጅዎን እስኪሞቀው ይያዙበት፤ «ትንሽ ቆይቶ ይመጣል» ከተባለ እስኪመጣ ይጠብቁ። የሽንት ቤቱን ውሃ ለቀው ይዩ፣ የበሩን መቀርቀሪያ ይሞክሩ፣ መስኮቱን ዘግተው ለደቂቃ ዝም ብለው ያዳምጡ። ካልተስማማዎት ያኔውኑ ሌላ ይጠይቁ፤ አልጋው ሳይነካ መቀየር ቀላል ነው፣ አንድ ሌሊት ካደሩ በኋላ ግን ክርክሩ ይከብዳል።