በዕድሜ ሲገፉ ሰው ፊት ቱግ እንዳይሉ

በእርጅና ቁጣ የሚነሳው ከጠባይ ብቻ ሳይሆን ከሰውነትም ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው የጅማው ሒርማታ ገበያ ወይም የጡረታ ወረፋ ላይ ሳይሆን ከቤት ሳይወጡ ነው።

መጀመሪያ ቡናው። በየቀኑ ሦስት ሲኒ የለመደ ሰው በአንዴ ቢያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ያመዋል፣ ይነጫነጫል። የጾም መግቢያ ጭቅጭቅ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጾሙ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ጀምረው በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ሲኒ ይቀንሱ። የመጨረሻዋን ሲኒም ከቀኑ 8 ሰዓት አያሳልፏት፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ትዕግሥትም ያጣል። (ጅማ ተቀምጦ ይህን መምከር ድፍረት እንደሆነ ይታወቃል።)

የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ምሳ አይዝለሉ። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ምክንያት የሌለው ንዴት አብረው ከመጡ ስኳር ወርዶ ሊሆን ይችላል። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፣ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ካልተሻለዎት ይድገሙት። ሲሻልዎት ምግብ ይብሉ።

ብዙ ጠብ የሚያስነሳው ግን ጆሮ ነው። በዕድሜ ቀድመው የሚጠፉት እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉ ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ ንግግሩ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። የባጃጁ ልጅ ዋጋ ሲነግርዎት ያንጓጠጠዎት ይመስላል። ሲጮኽ ደግሞ ድምፁ ይብሱን ይዛባል። ስለዚህ ገና ሳይሳፈሩ «ልጄ፣ ጆሮዬ ከብዷል፤ ወደ እኔ ዞረህ ቀስ ብለህ ንገረኝ» ይበሉት። ኩክ ደፍኖት እንደሆነ ጤና ጣቢያ ያሳዩ፤ በክብሪት እንጨት መቆርቆር ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ደምዎ ከፈላ መልስ ከመስጠትዎ በፊት እስከ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ አየር ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ። ስድስት ጊዜ፣ አንድ ደቂቃ። ካልበረደልዎት «መጣሁ» ብለው ይነሱ፤ የእድር ስብሰባም ቢሆን ለዚህ አይቀየምም።

ልጆች፣ እናንተ ደግሞ ወላጃችሁን ሰው መሃል «ተረጋጋ» አትበሏቸው፤ ያባብሰዋል። ጠጋ ብላችሁ «አባባ፣ ውኃ ላምጣልዎት?» በሉ። በእርጅና የጥም ስሜት ስለሚቀንስ እውነትም ጠምቷቸው ሊሆን ይችላል።

ጠባያቸው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ተለውጦ ከዘበራረቁ ግን የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሳታሳድሩ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። ጨዋ የነበሩ ሰው በወራት ውስጥ ነውር መናገር ከጀመሩም የአንጎል ሕመም ይጠረጠራል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥፋቱ አንዳንዴ እዚያው ፌስታል ውስጥ ይገኛል።