ጉልበቴ አልዘረጋ አለኝ፦ ከኤሲኤል ኦፕራሲዮን በኋላ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ኤሲኤል በጉልበት መሃል ያለ ጅማት ነው። የጭንን አጥንት ከቅልጥም አጥንት ጋር ያያይዛል። ሲበጠስ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ጫፍና ጫፉን አይሰፋውም፤ ከሌላ ቦታ ጅማት ወስዶ ይተካዋል። ጅማቱ የሚወሰደው ከኋላ ጭን (ኳስ ተጫዋቾች ሀምስትሪንግ የምንለው)፣ ከጉልበት ሎሚ በታች ወይም ከሎሚው በላይ ነው። የኔ ከሀምስትሪንግ ነው የተወሰደው። ኦፕራሲዮኑ በሰዓታት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ግን የእኛ ሥራ ናቸው።

ለነገ የማይባል

ባታችሁን ካመማችሁ፣ እግራችሁ ከጉልበት በታች ካበጠና ከጠነከረ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ደረታችሁን ከወጋችሁ ደግሞ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ የሚፋጅ ጉልበት ወይም ከቁስሉ የሚወጣ መግል የኢንፌክሽን ምልክት ነው። ማስታገሻ ውጦ ማደር አይገባም። የዚያኑ ቀን ለሐኪሙ አሳዩ።

ጉልበቴ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም

ብዙ ሰው ስለ ማጠፍ ይጨነቃል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትልቁ ጉዳይ ግን መዘርጋት ነው። ያልተዘረጋ ጉልበት ያነክሳል፣ ሎሚውን ያሳምማል፣ ጡንቻውንም ያሰንፋል።

አንዱ ምክንያት እብጠት ነው። ሌላው ትራስ ነው። ጉልበት ሲያም ትንሽ አጠፍ ማድረግ ደስ ይላል፤ ቤተሰብም አዝኖ ከጉልበት ሥር ትራስ ያደርጋል። ለእኔም እናቴ አድርጋልኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። እንዲህ እየታጠፈ ካደረ ግን ጉልበቱ እዚያው ይደርቃል።

ትራሱን ከጉልበት ሥር አውጡና ተረከዝ ሥር አድርጉት። ጉልበቱ በአየር ላይ ሆኖ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይውረድ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆዩ፤ በቀን ደጋግሙት። ፊዚዮቴራፒስታችሁ (እንቅስቃሴ የሚያሠራችሁ ባለሙያ) ሲፈቅድ ደግሞ በሆድ ተኝታችሁ እግራችሁን ከአልጋው ጫፍ አሳልፋችሁ አንጠልጥሉ። በዚህ አኳኋን ሁለቱን ተረከዞች አስተያዩ። የታመመው ከፍ ካለ ገና አልተዘረጋም።

ሳምንታት አልፈው፣ እብጠቱም ጠፍቶ፣ ልትዘረጉ ስትሉ የሆነ ነገር የሚያግታችሁ ከመሰላችሁ ከአዲሱ ጅማት ፊት ጠባሳ ተጠቅልሎ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ሳይክሎፕስ ይሉታል። ይሄ በመታገል አይለቅም። ወደ ቀዶ ሐኪማችሁ ተመለሱ፤ በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ያነሳዋል።

ጡንቻው አልታዘዝ አለኝ

እግሬን አንሳ ብላችሁ ስታዙት ዝም ይላል። ያስደነግጣል። ስንፍናም አይደለም፣ ነርቭ ተቆርጦም አይደለም። ያበጠ ጉልበት ለፊት ጭን ጡንቻ የሚሄደውን ትእዛዝ ያፍናል። ስለዚህ መጀመሪያ እብጠቱን ተዋጉ፦ እግር ከፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ። ከዚያ እግራችሁን ዘርግታችሁ ጉልበታችሁን ወደ ፍራሹ ተጫኑ፤ አምስት ቁጠሩና ልቀቁ። የጉልበት ሎሚ ወደ ላይ ስትሳብ ካያችሁ ጡንቻው ነቅቷል። ካልነቃ ፊዚዮው በኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ያግዛችኋል።

ዛሬ ሠርታችሁ ነገ ጠዋት ጉልበቱ ከትናንቱ በላይ ካበጠ በዝቶበታል። ቀንሱ፤ ጨርሶ ግን አታቁሙ።

ስለ ወጌሻም ልበል። ወገቤንም ቁርጭምጭሚቴንም አሽተውልኝ ያውቃሉ፤ አክብሮቴ አለ። ይሄ ጉልበት ግን ውስጡ አዲስ ጅማት በብሎን ወይም በሌላ ማሰሪያ ተይዞ ከአጥንት ጋር ገና እየተያያዘ ነው። መታሸትም፣ በኃይል መታጠፍም የለበትም። እባካችሁ።

ትንንሾቹ

ከቁስሉ አጠገብ ቆዳው ከደነዘዘ ትንሽ የቆዳ ነርቭ ስለተነካ ነው። ለጉልበቱ ጥንካሬ ለውጥ የለውም፤ ቦታው በጊዜ እየጠበበ ይሄዳል። ከሀምስትሪንግ የተወሰደላችሁ ደግሞ ጫማ ልታስሩ ስታጎነብሱ ከኋላ ጭን «ቋ» ሊል ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ጅማት ተበጠሰ ማለት አይደለም፤ ጅማቱ የተወሰደበት ቦታ ነው የተሳበው። ጥቂት ቀን አሳርፉት፣ ለፊዚዮውም ንገሩ።

ደህና ነኝ፣ ልጫወት?

በጣም የምፈራው ይሄን ጥያቄ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ሕመሙ ይጠፋል፤ ደረጃ ያለ ክራንች ትወጣላችሁ። ውስጥ ያለው ጅማት ግን ያኔ ደካማ ነው። ሲተከል የደም ሥር የለውም፤ ሰውነት ቀስ በቀስ ደም ያስገባለትና እንደገና ይሠራዋል። በዚህ መሃል ከተተከለበት ቀን ይልቅ ይለሰልሳል።

የሊቨርፑሉ ቨርጂል ቫን ዳይክ በፈረንጆቹ ጥቅምት 2020 ከኤቨርተን ጋር ሲጫወት ይሄው ኤሲኤሉ ተጎዳ። የዓለም ምርጥ ሐኪም የሚያገኝ ሰው ነው። የተመለሰው በሐምሌ 2021 ነው፤ ያውም በወዳጅነት ጨዋታ። የአውሮፓ ዋንጫም አመለጠው። ለሰፈር ግጥሚያ እኛ ከሱ በፊት የምንቸኩልበት ምክንያት የለም። ቢያንስ 9 ወር ጠብቁ። የፊት ጭናችሁ ጥንካሬ ከጤነኛው 90 በመቶ ይድረስ። በአንድ እግር ዘላችሁ ስታርፉ ጉልበቱ ወደ ውስጥ አይታጠፍ።

መንበርከክ አቃተኝ

በተለይ ጅማቱ ከሎሚው በታች ከተወሰደ ፊት ለፊቱ ለወራት ያማል። ስግደት ለለመደ ሰው፣ ሰላት ለሚሰግድም ከባድ ነው። እስኪሻል በወንበር መጸለይ ምንም ነውር የለውም። ቁስሉ ደርቆ ሐኪሙ ሲፈቅድ መንበርከክን በፍራሽ ላይ ጀምሩ፤ ቀጥሎ በወፍራም ምንጣፍ። ባዶ ወለል የመጨረሻው ነው።